ውሻው አብዷል ወይስ ሙቀት መትቶታል?



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ አህያ ጀርባ ቁስል አንብበናል። ዛሬ ስለ ውሻ እናነባለን።

«ደግሞ ስለ ውሻ ምን ይነበባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ውሻን ለሽርሽር ይዞ የሚወጣው የከተማ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። የእኛ ውሻ ግን ማንም ሳይዘው ራሱ ይከተላል። ከብት ስናግድ ይከተላል። እንጨት ስንለቅም ይከተላል። ገበያ ስንወርድም ይከተላል። ስለዚህ የእኛም ውሻ መንገደኛ ነው። መንገደኛ ደግሞ ስንቅና ውሃ ያስፈልገዋል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የነገሩኝ አንዲት እናት ናቸው። በማታው ክፍል ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። «የመከታን ነገር ጻፈው። ሌላው ሰው ያንብበው» አሉኝ። እኔም እሺ አልኳቸው።

የመከታ ነገር

መከታ የእኚህ እናት ውሻ ነበር። ጥቁር ነው። ፀጉሩ ወፍራምና ረጅም ነው። የደጋ ውሻ ስለሆነ ብርድ አይፈራም። ሌሊት በረቱን ይጠብቃል። ቀበሮ ሲመጣ ይጮኻል፤ ያባርራል። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ግልገል አላስነጠቀም።

በግንቦት ወር እናታችን 2 በግ ለመሸጥ ወደ ቆላው ገበያ ወረዱ። መከታም ተከተላቸው። እኔና ሌሎች ተማሪዎችም በዚያው መንገድ ነበርን። የተነሣነው ረፍዶ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በመንገዱ ላይ አንድ ወንዝ አለ። መከታ ሁልጊዜ የሚጠጣው ከዚያ ነው። የዚያን ቀን ግን ወንዙ ደርቆ ነበር። «ገበያ ስንደርስ ይጠጣል» ብለን አለፍን።

ገበያው ዳር የደረስነው 7 ሰዓት ሲሆን ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መከታ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ለሀጩ ይዝረበረባል። እግሩ ይወላከፋል። ጥቂት ሄደና ወደቀ። እንደገና ተነሣና ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ።

አንድ ሰው «አበደ!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም «አበደ! ልጆች ራቁ!» አለ። ሰው ተሰበሰበ። ድንጋይ ተነሣ። ዱላ ተነሣ። እናታችን «ኧረ የኔ ውሻ ነው! ኧረ ጧት ከእጄ በልቷል!» እያሉ ጮኹ። የሰማቸው የለም። መከታ እዚያው ሞተ።

እኔ ድንጋይ አልወረወርኩም። ነገር ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም። ለምን? አላወቅሁም ነበርና ነው። ዩኒቨርሲቲ የምማር ሰው ነኝ። ውሻ በሙቀት እንደሚታመም ግን አላውቅም ነበር። እኔም እንደ ሌላው ሰው አብዷል ብዬ ፈራሁ።

በማግሥቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠየቅሁት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። እሱም «ውሻውን እኔ ስላላየሁት አብዷል፣ አላበደም ብዬ መፍረድ አልችልም። የነገርከኝ ምልክት ግን ሙቀት የመታው ውሻ ምልክት ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለው ወር ቀበሮ ከእናታችን በረት 2 ግልገል ወሰደ። የሚጮኽ አልነበረም።

ውድ አንባቢዎች፣ የገበያው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ያበደ ውሻ በእውነት ያስፈራል። ልንፈራውም ይገባል። ሆኖም ያበደውን ውሻና የሞቀውን ውሻ ለይቶ ማወቅ ለሰውም ለውሻም ይጠቅማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሻችን ከመጀመሪያው ሙቀት እንዳይመታው መጠበቅ ነው። እንዴት እንደሆነ ቀጥለን እናንብብ።

ውሻ ለምን ያለከልካል?

ሰው ሲሞቀው ያልበዋል። በቅሎም ስትሮጥ አንገቷ ያልበዋል። ላቡ ሲደርቅ ሰውነት ይቀዘቅዛል።

እንሥራን አስቡ። በእንሥራ ያለ ውሃ በሙቀት ጊዜም ቀዝቃዛ ነው። ለምን? ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል። የእንሥራው ውጪ ይረጥባል። እርጥበቱ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የሰው ላብም ሥራው እንዲሁ ነው።

ውሻ ግን እንደ ሰው አያልበውም። ትንሽ የሚያልበው የእግሩ መዳፍ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አይበቃውም። ስለዚህ አፉን ከፍቶ ምላሱን አውጥቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ይህ ማለክለክ ይባላል። ምላሱና የአፉ ውስጥ እርጥብ ነው። ትንፋሹ ሲመላለስ እርጥበቱን ያደርቀዋል። ውሻው የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለማለክለክ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃ ያልጠጣ ውሻ ምላሱ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ቢያለከልክም አይቀዘቅዝም። ሁለተኛ፣ ለማለክለክ አፍ መከፈት አለበት። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ የውሻን አፍ በገመድ አትሰሩ።

የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ያህል ነው። ውሻ በተፈጥሮው ከሰው ይሞቃል ማለት ነው። የውሻው ሙቀት 41 ዲግሪ ከደረሰ አደጋ ነው። አንጎሉ፣ ኩላሊቱና አንጀቱ ይጎዳል። ቶሎ ካልቀዘቀዘ ሊሞት ይችላል።

ደጋና ቆላ

ደጋ ብርድ ነው፤ ቆላ ሙቀት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ልዩነቱ ምን ያህል ነው? እናስላው።

ከከፍታ ወደ ዝቅታ 1000 ሜትር ስንወርድ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደብረ ሲና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ 1300 ሜትር ነው። ስለዚህ ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ወደ 8 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይጨምርበታል።

ሰው ሲወርድ ምን ያደርጋል? ጋቢውን ያወልቃል። ውሻ ግን ፀጉሩን አያወልቅም። የደጋ ብርድ ያበቀለለትን ፀጉር ለብሶ ቆላ ይገባል። ጥቁር ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ ይብስበታል።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ሲደክመው «እስቲ እንረፍ» ይላል። አህያም ሲደክማት ትቆማለች። ውሻ ግን ጌታው እስከሄደ ድረስ ይሄዳል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ውሻ በበላበት እስኪወድቅም ድረስ ይከተላል። ስለዚህ ድካሙን እኛ እናስብለት።

ከመነሣታችን በፊት

1. በሌሊት እንነሣ። በሙቀት ወራት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መድረስ ጥሩ ነው። ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ለጉዞ አይሆንም። በዚያ ሰዓት ውሻው ጥላ ሥር ይተኛ። መልሱን ጉዞ ከ10 ሰዓት በኋላ እናድርገው።

2. ውሻውን ውሃ አጠጥተን እንነሣ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቤቱ ሲውል እንኳ በቀን 1 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። በሙቀት መንገድ ሲሄድ ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

3. ለውሻው ውሃ እንያዝ። ቅል ይበቃል፤ የሃይላንድ ጠርሙስም ይሆናል። መጠጫውም አንድ አሮጌ ጣሳ ይሁን። የውሻው ጣሳ የብቻው ይሁን። ከሰው ዕቃ ጋር አይቀላቀል።

4. መቅረት የሚገባው ይቅር። ቡችላ፣ ያረጀ ውሻ፣ የታመመ ውሻና ያረገዘች ውሻ በሙቀት ቀን ሩቅ መንገድ አይሂዱ። ቤት ጥላ ሥር ውሃ ተቀምጦላቸው ይዋሉ።

በመንገድ ላይ

መሬቱን በእጃችን እንፈትን። እኛ ጫማ አድርገን የመሬቱ ትኩሳት አይሰማን ይሆናል። ውሻ ግን ባዶ እግሩን ነው። የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርጉና እስከ 5 ቁጠሩ። 5 ሳይደርስ ካቃጠላችሁ ለውሻው እግርም ያቃጥላል። በተለይ አስፋልትና ድንጋይ ይግላል። በሣሩ ወይም በዛፉ ሥር አስኪዱት።

በየጥላው እንረፍ። ትንሽ ትንሽ ውሃ እናጠጣው። ወንዝ ካለ ይግባ፤ ሆዱንና እግሩን ያርጥብ። «ወንዙ አለ» ብላችሁ ግን ባዶ እጃችሁን አትነሡ። በግንቦት ወንዝም ይደርቃል።

ገበያ ስንደርስ ውሻውን ፀሐይ ላይ አናስረው። ጥላ ይዞራል። ጧት ጥላ የነበረው ቦታ ቀትር ላይ ፀሐይ ይሆናል። እየሄድን እንየው። በመኪና ከሄድንም በሩና መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ውሻውን ትተን አንሂድ። የተዘጋ መኪና በፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል።

ሙቀት የመታው ውሻ ምልክቱ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ከወትሮው በላይ ያለከልካል። ከጥላ ሥር አልነሣም ይላል። ለሀጩ ይወፍራል፤ ይዝረበረባል። ምላሱና ድዱ በጣም ይቀላል።

ሲብስበት ይንገዳገዳል። ያስመልሰዋል። ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ደምም ሊቀላቀልበት ይችላል። ጌታው ሲጠራው አይሰማም። በመጨረሻ ይወድቃል፤ ይንቀጠቀጣል።

ምን እናድርግ?

ሳንውል ሳናድር፣ እዚያው በቆምንበት እናቀዝቅዘው። «ቤት ወስጄ አየዋለሁ» አይባልም። መንገድ ላይ ይሞታል።

ጥላ ሥር እናግባው። የተገኘውን ውሃ እናፍስበት። የምንጭም ይሁን የወንዝ ውሃ ይበቃል። ሆዱን፣ ብብቱን፣ ብሽሽቱንና እግሩን እናርጥብ። ከዚያ በሰፌድ ወይም በነጠላ እናራግብለት። ውሃና ነፋስ አንድ ላይ ሲሆኑ ቶሎ ያቀዘቅዛሉ። የእንሥራውን ነገር አስታውሱ።

እርጥብ ጋቢ አልብሰን አንተወው። ጋቢው ሲሞቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል።

ራሱ ከጠጣ ትንሽ ትንሽ ውሃ እንስጠው። በግድ ግን አፉ ውስጥ አናፍስ። ውሃው ወደ ሳንባው ይገባና ይገድለዋል። ታሞ የተጨነቀ ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ስለሚችል እጃችንን ወደ አፉ አናስጠጋ።

ተነሥቶ ቢሄድም «ድኗል» አንበል። የውስጥ ጉዳት ቆይቶ ይታያል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ካለ እናሳየው።

ሙቀት ነው ወይስ የእብድ ውሻ በሽታ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለቱም ለሀጭ ያዝረበርባሉ። ሁለቱም ያንገዳግዳሉ። ታዲያ በምን እንለያቸው?

ሙቀት የሚመታው በሰዓታት ውስጥ ነው። ጧት ደህና የነበረ፣ የበላ፣ የተጫወተ ውሻ በፀሐይ ብዙ መንገድ ሄዶ ሲወድቅ ሙቀት መሆኑን እንጠርጥር። ጥላና ውሃ ሲያገኝ ሊሻለው ይችላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ግን የቀናት ነገር ነው። የውሻው ጠባይ ይለወጣል። ገራም የነበረው ቁጡ ይሆናል። ቁጡ የነበረው ይፈዛል። ያገኘውን ሁሉ፣ ድንጋይና እንጨትም ሳይቀር፣ ይነክሳል። ከቤቱ ወጥቶ ይጠፋል። ድምፁ ይለወጣል። አገጩ ይንጠለጠላል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ይህ በብርድም ቀን፣ በጥላም ሥር ይሆናል።

ነገር ግን በዓይን ብቻ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦

ውሻውን የምታውቀው፣ ከጧት ጀምሮ አብሮህ የነበረ፣ ጠባዩ ከሰሞኑ ያልተለወጠ ከሆነ፣ ተጠንቅቀህ ውሃ አፍስበት።

ውሻውን የማታውቀው ከሆነ አትንካው። ልጆችን አርቅ። ባለቤቱን ፈልግ። ለቀበሌውና ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ንገር። ባለቤቱ «ውሻው የኔ ነው» ብሎ ሲናገርም ስማው። መከታን ያዳነው አልተገኘም እንጂ፣ የሚናገርለት ሰው ነበር።

ውሻ ቢነክስስ?

ያበደም ይሁን ያላበደ፣ ውሻ ሰውን ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እንጠበው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንሂድ። የውሻው ለሀጭ ቁስል ከነካም እንዲሁ እናድርግ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ጤና ጣቢያው ግን ይቅደም። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ክትባት የጀመረ ግን ይድናል።

ይህ ክትባት የቆየ ነው። በ1877 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ያበደ ውሻ የነከሰውን አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከተበው። ልጁም ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ እየተሻሻለ ብዙ ሰው አድኗል።

የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ፣ ማንንም ሳይነካ ለብቻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። ሲነክስ በሽታው በለሀጩ ውስጥ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታል። ስለዚህ ውሻውን ቸኩሎ መግደል ማወቂያውን መግደል ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅ። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለውሾችም ክትባት አለ። በየዓመቱ እናስከትባቸው። የተከተበ ውሻ ለባለቤቱም ለጎረቤትም እረፍት ነው። በገበያ መካከል «አበደ!» ሲባልም «የተከተበ ነው» ብሎ የሚከራከርለት ያገኛል።

እናታችን አሁን

እናታችን አሁን ከጎረቤት ቡችላ አግኝተዋል። ስም ገና አላወጡለትም። ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቡችላውን ቤት ትተውት ነበር። ነገር ግን በወገባቸው ቅል፣ በቅሉ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ አንጠልጥለዋል።

«እማማ፣ ውሻው ሳይኖር ጣሳው ለምን?» አልኳቸው።

«መንገድ ላይ የሌላ ሰው ውሻ ወድቆ ባገኝ ብዬ ነው» አሉኝ። «ባለቤቱን ጠርቼ ‹እንካ ውሃ› እለዋለሁ። ያን ጊዜ ለእኔ ማንም አላለኝማ።»

እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከዚያም ወደ ቤቴ ሄጄ ይህን ጻፍኩ።

አዲስ ቃላት

ማለክለክ፦ አፍን ከፍቶ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ።
ዲግሪ፦ የሙቀት መለኪያ።
ክትባት፦ በሽታ ከመምጣቱ በፊት ሰውነት እንዲከላከል የሚሰጥ መድኃኒት።

ጥያቄዎች

1. ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዝቅዘው እንዴት ነው?
2. ከ2600 ሜትር ወደ 1600 ሜትር ብንወርድ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ያህል ይጨምራል?
3. ሙቀት የመታውን ውሻ ስናገኝ በመጀመሪያ ምን እናደርጋለን?
4. ውሻ የነከሰው ሰው በዚያው ቀን ምን ማድረግ አለበት?
5. እናንተ በዚያ ገበያ ብትኖሩ ኖሮ ምን ታደርጉ ነበር? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።

ጽሑፉን ያነበበ ላላነበበው ያንብብለት። ለሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኛለን። ደኅና ሰንብቱ።